ከአሥራ አምስት ሚሊ ሜትር በታች

ሰበታ ላይ ዛሬም መብራት የለም፣ ጠፍቷል፤
የማተሚያው ሮለር ወረቀት ጎርሶ ቀርቷል።
ሲኖትራክ ባለፈ ቁጥር በጅማ መንገድ
ማስመሪያዬ ይዘላል፤ መስኮቱም ይጀምራል መራድ።
እኔ ግን ተቀምጬ ደንብ እጽፋለሁ፤
ለአንዲት ንብ ቁመቷን እደነግጋለሁ፦

«ከአሥራ አምስት ሚሊ ሜትር ዝቅ ካለች
የትም እንዳትታተም። ንብ መሆኗን ትታለች።»

የአቶ ጉተማ ናት፣ የ«ገራባ ማር» ንብ፤
ክንፏ ላይ ሦስት ሌሊት አመሸሁ ስጠበብ።
ሆዷ አምስት ቀለበት፣ ጭኗ ላይ ጠጉር፣
ዓይኗ ውስጥ ነጭ ነጥብ፤ «አሁን ትነሣለች» የሚያሰኝ ነገር።
በሱቁ ታፔላ ላይ አንድ ሜትር ሞልታለች፤
ባለባጃጁ ሳይቀር ዞሮ ያያታል፤ እዚያ ታምራለች።

ስትወርድ ነው ጉዱ። ከካርቶን ወደ ክዳን፣
ከክዳን ወደ እስክሪብቶ፣ ስናሳንሳት፣ ስናሳንሳት፣
ቀለበቶቿ ተጣብቀው አንድ ጥቁር ኪስ ይሆናሉ፤
ክንፎቿ የፈሰሰ ቀለም ይመስላሉ።
ማር ላይ ዝንብ ይታያል እንጂ ንብ አትታይም፤
ዝንብ የገባበትን ማር ደግሞ ማንም አይገዛም።
ፊደልም ይከዳል። የ«ማ» እግር ሲሟሟ
«ማር» የነበረው ቃል፣ አንብበውት ሲሰማ፣
«መር» ይላል፤ መር ብሎ ይጠፋል ከዕቃው፤
እድፍ ብቻ ይቀራል፣ ጥፍር የሚፍቀው።

ትናንት አቶ ጉተማ መጡ፣ ቦቲያቸው ጭቃ ለብሶ፤
አውራ ጣት የምታክል ላስቲክ አወጡ፣ ኪሳቸው ተዳብሶ።
«ይቺ አሥር ብር ነች። ለቀን ሠራተኛው፣
አበባ እርሻ ውሎ በዳቦ ለሚበላው።
እሱ ኪሎ አይገዛም፤ አንድ ማንኪያ ይበቃዋል።
ንቢቷን አትምባት።»
                              «ደንቡ ይከለክላል፤
አሥር ሚሊ ሜትር ናት ያለችው ቦታ።»
ዝም አሉ። ዝናቡ ቆርቆሮውን መታ።
«እና አሥር ብር የያዘ፣ ከማን ነው የገዛሁት ሲል
ስም የለው? ለባለ ኪሎ ብቻ ነው የንብ ምስል?»

መልስ አልነበረኝም። ቦቲያቸውን እየጎተቱ ሄዱ።
የጭቃው ዱካ ዛሬም አለ፣ ከበሩ እስከ መንገዱ።

ለናሙና የተዉልኝ ማር፣ ከነሰፈፉ፣
ክዳኑን ረስቼው ሽታው ወጣ ከአፉ፤
ከባሕር ዛፉ በኩል አንዲት ንብ መጣች፤
ዞረች፣ ዞረችና ማስመሪያዬ ላይ አረፈች፤
ልክ እንደታዘዘ ሰው ዜሮው ላይ ጅራቷን አስጠጋች።
ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ጎንበስ ብዬ ለካሁ።
አሥራ ሁለት።
ደግሜ ለካሁ። አሥራ ሁለት አገኘሁ።

በእኔ ደንብ ብትዳኝ ይቺ ንብ አትፈቀድም።
እሷ ግን እግሯን ታሻሻለች፤ ደንቡን አላነበበችም።

ቀና አልኩ። ወንበሬ ላይ ተመለስኩ። አምስቱን ቀለበት
አልቆጠርኩም፤ የጭኗን ጠጉር አላየሁት፤
ከምቀመጥበት ክንፏም አንድ ብልጭታ ነው፤
ንብነቷን ግን ዓይኔ መች ተጠራጠረው?

እርሳስ አነሣሁ። አምስቱን ሁለት አደረግሁ።
የክንፏን ጅማት ሁሉ፣ ሦስት ሌሊቴን፣ ተውሁ።
(አልዋሽም፤ ስተወው አንጀቴ ተላወሰ።)
ነጩ ነጥብ ከዓይኗ ላይ ተደመሰሰ።
የ«ማ»ን እግር አወፈርኩት፣ እንደ ቤት ምሰሶ፣
ላስቲኩ ቢጨማደድ፣ ከሠራተኛ ኪስ ውስጥ ርሶ።

መብራት መጣ። ሮለሩ ጮኸ፤ ንቧ ደንግጣ ወጣች።
ደንቡን አልቀደድኩትም፤ አንዲት መስመር ከሥሩ ተጨመረች፦
«ከአሥራ አምስት በታች፣ ትንሿ ንብ ትታተም።
ከስምንት በታች ግን እሷም አትችልም፤
ንቧን ተዉትና ቃሉ ብቻ ይኑር፦
ማር።»

ማምሻውን አቶ ጉተማ አነበቡት፣ በጣታቸው እየተከተሉ።
መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩኝና፣ ቀስ ብለው፣ «ማር» አሉ።
ለዕቃው ይሁን ስለ እኔ፣ ለማን እንደሆነ ልመናቸው፣
ሮለሩ ይጮህ ነበር፤ አልጠየቅኋቸው።